ቀዩን ቡችላ የሰጠሁ ቀን

እኔ በውሻ ነገር ሰው ሲናገረኝ አልወድም ነበር። በወጥ አሠራሬ ሳቁ፣ በቁመቴ ቀልዱ፣ እሺ፤ በውሾቼ የመጣብኝን ግን አልምረውም። አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው ላንቴ መጥታችሁ አማረች የት ናት ብትሉ «የትኛዋ አማረች?» ይሏችኋል። «ባለ ውሻዋ» ካላችሁ ግን ያገኛችሁት ሰው ሁሉ ደጄ ድረስ ያደርሳችኋል። ያኔ ይህ ስም ያኮራኝ ነበር። ዛሬ ሲጠሩኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ውሾቹን የጀመረው ባለቤቴ ነው። እሱ ሲሞት ሰው ሁሉ አሁንስ ትተዋቸዋለች ብሎ ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ይብስ ያዝኳቸው። እዚህ ሙዝ የተከለ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ቀን ዝንጀሮ፣ ምሽትና ንጋት ላይ ከርከሮ። ዝንጀሮው ፍሬውን ነው የሚወስደው፤ ከርከሮው ግን ሥሩን ምሶ ለከርሞም አያስቀርልህም። ስለዚህ ጥሩ ውሻ ማለት እኛ ዘንድ ግማሽ ማሳ ማለት ነው። ቡችላ ሸጬ አላውቅም። የሰጠሁት ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሚቆርጠው ሙዝ አንድ ዘለላ ያመጣልኛል፣ በቃ። ሰውም «አማረች የሰጠችው ውሻ» ካለ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ከሁሉም የበለጠው ቡላ የሚባለው ነበር። ቡላ ከርከሮን ጆሮው ላይ ነክሶ ከያዘ ጦር እስኪመጣ አይለቅም። ስለ እሱ ሲወራ «ዘር ከልጓም ይስባል» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። እናቱም እንዲሁ ጀግና ነበረች።

ቡላ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ዝንጀሮ አባሮ ሲመለስ ደጅ ላይ ዘጭ አለ። እግሮቹ አየሩን ይቀዝፋሉ፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፤ ዙሪያውን እንደ እንግዳ አየና ውሃ ጠጣ። እናቱም ከመሞቷ በፊት እንዲሁ ስትወድቅ አይቻለሁ። አሁን የኛን ሰው እወቁልኝ፤ አረፋ የደፈቀ ውሻ ሲያይ «እብድ ውሻ!» ይልና ዱላውን ያነሣል፤ ጥያቄ የለም። ስለዚህ ቡላን ጓሮ አሰርኩና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ያወቀብኝ ይስሃቅ ብቻ ነው። ይስሃቅ ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ ሰፈር እየመጣ ከብትና ውሻ የሚከትብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ልጄ ሊሆን የሚችል ትሁት ሰው። ሊከትብ በመጣበት ቀን ቡላ ዓይኑ እያየ ወደቀ፤ እናቱም እንዲሁ ትወድቅ እንደነበር ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«እማማ፣ ይህ እብደት አይደለም፤ አይፍሩ» አለኝ። «የሚጥል በሽታ ነው። እናቱም ነበረባት ካሉኝ ግን ከዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ በኋላ ከእሱ ባያስወልዱ ጥሩ ነው።»

«ከእሱ ካላስወለድኩ ከማን ላስወልድ? ዝንጀሮ ሲያይ አልጋ ሥር ከሚገባው ከጎረቤቴ ውሻ?»

«ጎበዝ መሆኑን እኔም አያለሁ። ግን ጉብዝናውንም በሽታውንም አንድ ላይ ነው የሚያወርሰው። አንዱን ወስደው አንዱን መተው አይችሉም።»

«አንተ ዶክተር፣ መርፌህን ወጋህ አይደል? በል ሂድ አሁን» ብዬ ሸኘሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ። እንዲያውም ይባስ ብዬ ጉብዝናው እንዳይቀጥን ቡላን ከገዛ ልጁ ጋር አገናኘሁት። አምስት ቡችሎች ተወለዱ።

ቡችላ የምመርጥበት የራሴ መንገድ አለኝ። አጠገባቸው ባዶ ጣሳ በድንጋይ እደበድባለሁ፤ ወደ ኋላ የሚሮጠው ለቤት ጠባቂነት፣ ወደ ጣሳው የሚሮጠው ለማሳ። ከአምስቱ ሁለት ቀሩኝ። አንዷ ግራጫ ሴት ናት፤ ጣሳው ሲጮኽ ትሸሽና ቆይታ ተመልሳ ታሸተዋለች። ሌላው ቀይ ወንድ ነው፤ ጣሳውን ከእጄ ሊቀማኝ ይታገላል። መከታ አልኩት።

መከታ ሦስት ወር ሲሆነው አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ውሃ መጠጫው አጠገብ ወደቀ። ሩጬ በነጠላዬ ሸፈንኩት። መጀመሪያ ያየሁት ግን ቡችላውን አይደለም፤ ሰው አይቶኝ እንደሆነ ዙሪያዬን ነው ያየሁት። ማንም አልነበረም። እግሮቹ ነጠላዬ ውስጥ ሲንፈራገጡ ይዤው ተቀመጥኩ። ኋላም ተነሣና ጣቴን ይልስ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ማርቆስ መጣ።

ማርቆስ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ልጆች ከወለደ በኋላ እንኳ ሰው ፊት «እትዬ» እያለ ራሱን አንገቴ ሥር ይወሽቃል። ከባለቤቱ ከዘነበች ጋር ከሐይቁ በኩል፣ ቁጥቋጦው ጥግ ላይ መሬት አግኝተው ሙዝ ተክለው ነበር። የከርከሮ ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው።

«እትዬ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻለኛል?» አለ ቡችሎቹ መሐል ቁጢጥ ብሎ።

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ የቆመው። ግራጫዋ ወድቃ አታውቅም። ግን ከርከሮ ፊት እንደማትቆም አውቃለሁ፤ ማርቆስ ሙዙን ያጣል። ቀዩ ይቆማል። ግን ይወድቃል። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። «ማርቆስዬ፣ ይህ ቡችላ...» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

ብነግረው ለዘነበች ይነግራታል፤ ዘነበች ለጎረቤት። ቡላን ይገድሉብኛል። ከዚህ በፊት የሰጠኋቸው ስድስት ሰዎች ደጄ ይሰለፋሉ። ያ ይስሃቅም «አላልኩም?» ይለኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ። ደግሞም አንዴ ነው የወደቀው፣ ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

«ይህ ቡችላ ሆዳም ነው፤ ይበላብሃል» አልኩት።

ሳቀ። «ካንቺ ቤት ወጥቶ ምን ይሆናል ታዲያ!» ብሎ ቀዩን ብብቱ ሥር ከቶ ሄደ። በዓመቱ ከአዲሱ ማሳ ትልቁን የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ መጣ። እኔም ተቀበልኩት።

ቡላ በዚያው በሽታ ሞተ። ሰው ሲጠይቀኝ አርጅቶ ነው አልኩ። መከታ ግን ከአባቱም በለጠ። ሁለት ዓመት ሲሞላው በዚያ አካባቢ መከታን የማያውቅ አልነበረም። እኔም ቀስ በቀስ ያን ነጠላዬ ውስጥ የተንፈራገጠውን ነገር ረሳሁት። ረሳሁት ማለት... ላለማስታወስ ለመድኩ ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልውሰዳችሁ። ወሩ ግንቦት ነው። ከርከሮ ማሳ ሲፈጅ ሰንብቶ ሰፈርተኛው በደቦ ሊያባርረው ወሰነ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሰዉ ቁጥቋጦውን ከብቦ ጣሳና ጀሪካን ይደበድባል፣ ውሻ ይለቀቃል። ውሻው ከርከሮውን ሲይዘው ባለቤቱ አጭር ጦር ይዞ በጉልበቱ እየዳኸ ይገባል። ቁጥቋጦው ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም፤ ከተገባ በኋላም መሸሽ የለም። ሰውየው ውሻውን አምኖ ነው የሚገባው።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስንዞር ቆየን። መከታ ሁለት ከርከሮዎች ወደ ሐይቁ አባረረ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሙቀቱ በረታ። አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ ጥግ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አልወጣም አለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጣሳ ይዤ ቆሜአለሁ። ማርቆስ መከታን አንገቱ ላይ ይዞ ሊለቀው ተዘጋጅቷል።

ያኔ አየሁ። መከታ ባዶ አየር ይልሳል። ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል፣ ያወጣል። ጆሮው ሥር ያለችው ሥጋ ትርገበገባለች። ቡላ ከመውደቁ በፊት ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

«ማርቆስ!» አልኩ። «ውሻው ደክሞታል፤ ይረፍ!»

ከእኔ ማዶ የቆሙት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ የደቦው መሪ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። «ኧረ ስሙ! አማረች የመከታ ጉብዝና የቡላን ስም ሊያስረሳባት ነው! ቅናት ነው!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ማርቆስም ዞሮ ሳቀልኝ።

እኔም ሳቅኩ። የሞት ሳቅ! «ይወድቃል፣ በሽታ አለበት» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልወጣ አለኝ። ማርቆስ እጁን ለቀቀ።

መከታ ገባ። ጩኸቱ መጣ፤ ያ የምናውቀው፣ ይዤዋለሁ የሚለው ጩኸት። ማርቆስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጦሩን አስቀድሞ ገባ። የእግሩ ጫማ ከዓይኔ ተሰወረች። ጣሳው ይደበደባል። እኔ ጣሳዬን ትቻለሁ፤ የማደምጠው ውሻውን ብቻ ነው። ጩኸቱ አለ። አለ። አለ።

ከዚያ ቆመ።

እየቀነሰ አይደለም፤ ልክ በመሐል ተቆረጠ። «ማርቆስ ውጣ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አሁን ድምፄ ወጣልኝ፣ አሁን! ቁጥቋጦው ተናወጠ፣ የወንድሜ ጩኸት ተሰማ፣ ከርከሮው በሴቶቹ መሐል ጥሶ አመለጠ።

ወንዶቹ በገጀራ እየመነጠሩ ገቡ። ማርቆስን ጎትተው ሲያወጡት ጭኑ ከጉልበቱ በላይ እስከ ብሽሽቱ ተተርትሯል። ደሙ አይጣል ነው። መከታ በጎኑ ተኝቶ እግሮቹ አየሩን ይቀዝፋሉ፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። ጋሽ ወልዴ «እባብ ነው! እባብ ነድፎታል!» አሉ። ሁሉም «እባብ ነው» አለ። እኔ ነጠላዬን ቀድጄ የወንድሜን ጭን ሳስር ነበር።

በሁለት እንጨት ቃሬዛ ሠርተን እስከ አስፋልቱ ተሸከምነው። ሙዝ ለመጫን የቆመ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ወዲያው የጫነውን አወረደ፤ ኋላ ላይ ለማርቆስ የሙዝ ቅጠል አነጠፍንለት። ዘነበች እግሩን ይዛለች፣ እኔ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌአለሁ። መኪናው ይሮጣል። ማርቆስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ» አለኝ። «መከታ ምን ሆነ?»

«እባብ ነው ይላሉ።»

«ምስኪን! ሞተ?»

«አይ፣ ስንመጣ ተነሥቶ ነበር።»

«ከእባብ ተርፎ?» ሊስቅ ሞከረ። «የቡላ ልጅ! አደራ፣ እንዳትቆጡት። እሱ አይተወኝም ነበር።»

«ዝም በል፣ አትናገር የኔ ጌታ፣ አቅም ይጨርስብሃል» አልኩት። ለእሱ ያሰብኩ መሰልኩ። የፈራሁት ግን ቀጥሎ የሚጠይቀኝን ነው። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ።

አርባ ምንጭ ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሞቹ ተቀበሉን፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ሰዎች ደም ለመስጠት ተሰለፉ። እኔ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ጸለይኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ ይትረፍልኝ እንጂ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አልኩ። ጌታ ግን እንዲህ ያለ ውል አልተቀበለኝም። አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ፣ ጀርባዬ ላይ ያደገው ማርቆስ፣ ውሸቴን አምኖ ሞተ።

በማግሥቱ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፤ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ዘምረው ጨርሰዋል። መከታ ከድንኳኑ ውጪ የማርቆስን ጫማ ተደግፎ ተኝቷል። ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን እየነቀነቁ «ከእባብ የተረፈ ውሻ!» አሉ። «አማረች፣ የዚህ ዘር እንዳይጠፋ። የኔዋ ሴት ውሻ ደርሳለች፤ ከእሱ አገናኝተን ለማርቆስ ልጆች መታሰቢያ የሚሆን ቡችላ እናውጣ።»

ሰዉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ ዝም ብል የሚቀጥለው ሰው በጉልበቱ ሊገባ ነው። ያ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ የማርቆስ ልጅ ሊሆን ይችላል። ተነሥቼ ቆምኩ።

«እባብ አልነበረም» አልኩ። «ይወድቃል። ቡላም ይወድቅ ነበር፣ እናቱም። በዘራቸው ነው። መከታ በሦስት ወሩ ሲወድቅ በዓይኔ አይቼ ነው ለማርቆስ የሰጠሁት። ቅዳሜም ሊወድቅ እንደሆነ አውቄ ዝም አልኩ። ወንድሜን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ ዘነበችን ብቻ ነው የማየው። ትጮኻለች፣ ፀጉሬን ትነጨዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብታደርገው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ልጇን እያቀፈች ተናገረች።

«በጥር አንድ ቀን ጓሮ ወድቆ አይቼዋለሁ። ለማርቆስ ነገርኩት። ይህ ውሻ ደህና አይደለም፣ ሂድና እህትህን ጠይቃት አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ሙቀት ነው። ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ እትዬ ትነግረኝ ነበር› አለኝ።»

እኔም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሊያነሣኝ ሲመጣ አልነሣም አልኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ውሻ የላችሁም ይሆናል። የምትሰጡት ነገር ግን አታጡም፤ ላም ትሰጣላችሁ፣ ዘር ትሰጣላችሁ፣ ሠራተኛ «ታማኝ ነው» ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ልጃችሁን ትድራላችሁ። ጉብዝናውን ስትቆጥሩ አፋችሁ አይያዝም። ነውሩ ላይ ስትደርሱ ምላሳችሁ ይከብዳል፤ የኔም ከበደ። እኔ ቀዩን መምረጤ ብቻ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከርከሮ ባለበት አገር ደፋር ውሻ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጉብዝናውንና በሽታውን ብቻዬን መዘንኩ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እየጠየቀኝ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ይስሃቅን ፈልጌ ሴቻ ወጣሁ። «አላልኩም?» ይለኛል ብዬ ነበር። አላለም። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ አብሮኝ ወረደ። ቡችላ የሰጠኋቸውን የስድስቱንም ሰዎች ቤት ዞርን። የአራቱን ውሾች አኮላሸልን፤ ሁለቱ አሻፈረኝ አሉ። አንዱ «ጎበዝ ውሻዬን አላስነካም፤ የኔው አይወድቅም» አለኝ። የራሴን ድምፅ ሰማሁት። «የወንድሜን መቃብር ሄደህ እየው» ብዬው አልቅሼ ወጣሁ። ዛሬም የዚያ ውሻ ልጆች አሉ።

መከታን እኔ ወሰድኩት። ዘነበች ልታየው አልቻለችም፤ እኔም አልፈረድኩባትም። ሲወድቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ አሁን ሰው ቢያይም አልሸፍነውም። ባለፈው ዓመት ሞተ። አሁን ያሉኝ ውሾች ከጨንቻ ደጋ ያመጣኋቸው ናቸው። እንደ ቡላ አይደሉም፤ ይጮኻሉ እንጂ አይዙም። ከርከሮ ከሙዜ ይበላል፤ ይብላ።

ዘነበች ዓመት ከመንፈቅ አላናገረችኝም። አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመች። ከስታ፣ ጠቁራ።

«ቡችላ ፈልጌ ነው» አለች። «ጉድለቱን መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ጉብዝናው ይቆይልኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኳት። ይህች ቡችላ ነጎድጓድ ትፈራለች። አባቷ የኋላ እግሩን ስለሚያመው ሩቅ አይሮጥም፤ ሕመሙ ወደ እሷም ሊመጣ ይችላል። እናቷ ዶሮ ትሰርቃለች። እሷ ራሷ ከርከሮ ነክሳ አትይዝም፣ ስለዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ ተከትሏት ማንም እንዳይገባ። ዘነበች ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ።

«ሌላስ?»

«የማውቀው ይኼው ነው። የማላውቀው ካለ እኔም እንዳንቺ ነኝ።»

ቡችላዋን አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ አደረገቻት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

«እትዬ፣ ያን ጊዜም እንዲህ ብትነግሪው እኮ ቀዩኑ ይወስድ ነበር። ይወደው ነበር» አለች። «ቁጥቋጦው ውስጥ ግን ተከትሎት አይገባም ነበር።»

ይህን ብላ መንገዷን ሄደች።